ሲጋራ ስላላጨሰች ከሳንባ ጥናት የተመለሰች እናት

የደብረ ታቦሯ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ያደገችው ደብረ ታቦር አካባቢ ገጠር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ናት። አገር ቤት ሳለች አንዴ አስም፣ አንዴ ብሮንካይት፣ አንዴ ብርድ ነው ሲሏት ኖረች። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣች በኋላ ነው በትክክል ተመርምራ ሲኦፒዲ (የአየር ቱቦን አጥብቦ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ የማይለቅ የሳንባ በሽታ) የተባለችው።

ባለፈው ሳምንት ከምትታከምበት ክሊኒክ ተደወለ። አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት አለ፣ ፈቃደኛ ናት ወይ አሉ። እሺ አልን። የማጣሪያ ጥያቄ በስልክ ጀመሩ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ዕድሜ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ጠንቶባት ሆስፒታል እንደሄደች። ሁሉም ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዚያ ልጅቷ «በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሱ ነበር? ለስንት ዓመት?» አለች። ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «በስመ አብ! እኔ ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የምትለኝ?» አለች። ልጅቷም በትህትና «አጭሰው የማያውቁ ከሆነ መስፈርቱን አያሟሉም» ብላ አመስግና ዘጋች።

ሁለት ነገር ከነከነኝ። በሽታው አለባት፣ ታዲያ ጥናቱ ለምን አይቀበላትም? ሁለተኛ፣ አሁን በየቀኑ የምትስበው ፓፍ በማን ላይ ነው የተሞከረው? የምታውቁ በናታችሁ አስረዱኝ።

አይነኬ፦
እንኳን አልተቀበሏት! እህቴ፣ እናትሽን መሞከሪያ ሊያደርጉልሽ ነበር። ፈረንጅ በነጻ የሚሰጠው ነገር የለም። ተስኬጊ የሚባለውን አንብቢ።

የጥናት ነርስ፦
እህቴ፣ እኔ ሥራዬ ይሄው ነው። እዚህ አሜሪካ የሳንባ ጥናቶች ላይ አስተባባሪ ነርስ ነኝ። እንደዚያች ልጅ እየደወልኩ የምጠይቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። (የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማንኛውም ጥናት ሲጀመር ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ የሚወስን ዝርዝር አለው። በሲኦፒዲ መድኃኒት ጥናቶች ላይ ከዝርዝሩ የማይጠፋ አንድ መስመር አለ፦ ቢያንስ 10 ፓክ-ይር ያጨሰ። አንድ ፓክ-ይር ማለት በቀን አንድ ፓኮ፣ ማለትም 20 ሲጋራ፣ ለአንድ ዓመት ማጨስ ነው። በቀን ግማሽ ፓኮ ለ20 ዓመት ያጨሰ ሰውም 10 ይሞላል። እናትሽ ግን ዜሮ ናት።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ትልልቆቹን ልጥቀስልሽ። ቶርች የሚባለው በ2007 የወጣ ጥናት 6 ሺህ ያህል ሰው ለ3 ዓመት ተከታትሏል። የሞከረው ሳልሜቴሮልና ፍሉቲካሶን አንድ ላይ ያለበትን ፓፍ ነው። አፕሊፍት በ2008 ወጣ፣ ቲዮትሮፒየም በሚባል ሌላ የሚሳብ መድኃኒት ላይ፣ እሱም ወደ 6 ሺህ ሰው፣ ለ4 ዓመት። ኢምፓክት በ2018 ሦስት መድኃኒት በአንድ ዕቃ የያዘውን ሞከረ፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ነበረው። ሦስቱም 10 ፓክ-ይር ይጠይቃሉ። በቶርችና በአፕሊፍት ከአራት ተሳታፊ ሦስቱ ወንዶች ነበሩ። እና መልሱ፣ የእናትሽ ፓፍ የተሞከረው በአብዛኛው ሲጋራ ባጨሱ ወንዶች ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልሽ፣ ተንኮል የለበትም። ያላጨሰ ሰው ሳንባው ሲጠብ አስም ሊሆን ይችላል ብለው ይሰጋሉ። አስም የተቀላቀለበት ጥናት ውጤቱ ይደበላለቃል፣ ፓፉ በትክክል ለማን እንደሠራ አይታወቅም። ስለዚህ በሲጋራው ያጠሩታል። አጥሩ ግን አስሙን ብቻ አይደለም ውጭ ያስቀረው፣ እናቶቻችንንም ነው።

የአሰብ መንገድ፦
እኔ ደግሞ ዜሮ አይደለሁም። 31 ዓመት መኪና ነድቻለሁ፣ ሲጋራው ከማርሹ እጅ አይለይም ነበር። ያቺ ልጅ ለእኔ ብትደውል ኖሮ በደስታ ትቀበለኝ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ማጨስም አንድ ቀን ይጠቅማል።

የደብረ ታቦሯ፦
ጋሼ አሳቁኝ! ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይሄ ነገር ከበደኝ። ታዲያ ፓፉ ለእሷ አይሠራም ማለት ነው?

የውስጥ ደዌ፦
አይ፣ እንደዚያ አይደለም። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ፓፉን እንዳታቋርጥ፣ ይሄን አስምሪበት።

በጭስ የመጣና በሲጋራ የመጣ ሲኦፒዲ የሚመሳሰሉበትም የሚለያዩበትም አለ። እዚህ ላይ ብዙ የሠሩት ሜክሲኮዎች ናቸው። የሜክሲኮ ሲቲ ሐኪሞች በእንጨት ሲያበስሉ የኖሩ፣ አጭሰው የማያውቁ ሴቶችን ለብዙ ዓመት ተከታትለዋል። ያገኙት እንዲህ ነው። የጭሱ በሽታ የሳንባን ከረጢት ከመብላት ይልቅ ትንንሾቹን የአየር ቱቦዎች ያጠቃል። ሳልና አክታ ይበዛዋል። በየዓመቱ የሚጠፋው የሳንባ አቅምም ከአጫሾቹ ያነሰ ነው። ታማሚዎቹ ግን ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከአጫሽ እኩል ያጥራቸዋል። ቱቦ የሚከፍቱት መድኃኒቶች እንዲህ ላለው ሰውም ይረዳሉ፣ በየቀኑ የምናየው ነው። ምን ያህል፣ ለማን፣ ከየትኛው ጋር ተጨምሮ የሚለውን በትክክል የሚነግረን ትልቅ ሙከራ ነው የጎደለን።

ጎልድ የሚባለው የሲኦፒዲ መመሪያ አውጪ ቡድን እንኳ ይሄን በግልጽ የከፋፈለው በ2023 ነው። የሲጋራውን፣ የጭሱንና የአየር ብክለቱን፣ በኢንፌክሽን የመጣውን፣ በዘር የመጣውን እያለ ለየብቻ አስቀመጠው። የመጀመሪያው የጎልድ ሰነድ የወጣው በ2001 ነበር። 22 ዓመት ፈጀ።

ቡና ጠጡ፦
ዶክተር፣ እዚህ አገር ቤት ምርመራው እንዴት ነው? አክስቴ የቲቢ መድኃኒት ሁለት ዙር ጨርሳለች፣ አክታዋ ላይ ግን ምንም አልተገኘም። ሳሉ እንዳለ ነው።

የውስጥ ደዌ፦
እንዲህ ያለ ታሪክ በሳምንት አይጠፋም። ራጅ ላይ ጠባሳ ነገር ይታያል፣ ሳል አለ፣ ክብደት ቀንሷል፣ ቲቢ ይባላል። ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ ሳይሠራ ሲኦፒዲ ማለት አይቻልም፣ መሣሪያው ደግሞ በየሆስፒታሉ የለም። ያለበት ቦታም አንዳንዴ የአፍ ማስገቢያው ያልቃል፣ አንዳንዴ የሚያሠራው ሰው ሥልጠና ሄዷል።

ምርመራው እንዲህ ነው። በሽተኛዋን ቀጥ አድርገን እናስቀምጣታለን፣ አፍንጫዋን በመቆንጠጫ እንዘጋለን። ትንፋሽ እስከ ጥግ ትስባለች። ከዚያ በአንድ ጊዜ ታፈነዳዋለች። እኛ ጎን ቆመን «ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አሁንም፣ አሁንም፣ አይቁሙ!» እያልን እንጮሃለን። በረኛው ጠብ የተነሣ መስሎት በሩን ከፍቶ ያያል። ተቀራራቢ የሆኑ ሦስት ሙከራዎች መገኘት አለባቸው። ብዙ እናቶች መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፣ በሰው ፊት አፍ ሞልቶ መንፋት ነውር ይመስላቸዋል፣ ስለዚህ በስሱ እፍ ይሉታል። ያ ውጤት ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ቱቦ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል 400 ማይክሮ ግራም፣ አራት ፓፍ ማለት ነው፣ በስፔሰር (ፓፉ ላይ በሚገጠም ባዶ ዕቃ) ትስባለች። 15 ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እናስነፋታለን። በመጀመሪያዋ አንዲት ሰከንድ የወጣው አየር በጠቅላላ ካወጣችው ከ70% በታች ከሆነ ቱቦው ተዘግቷል እንላለን። ከመድኃኒቱ በኋላም ካልተከፈተ ሲኦፒዲን እናስባለን። ጨርሶ ወደ ጤናማው ከተመለሰ ነገሩ ወደ አስም ያደላል።

ለአክስትህ፦ አክታዋ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ታይቶ ነጻ ከሆነ፣ ሦስተኛ ዙር ከመጀመሯ በፊት ስፓይሮሜትሪ ወዳለበት ትሂድ። ጥቁር አንበሳ ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ያሠለጥናል። ከዚያ በፊት ለዚህ ትምህርት ውጭ መሄድ ነበር። አሁን ቁጥራቸው ከአገሩ ስፋት ጋር ሲታይ ትንሽ ቢሆንም አሉ።

አይነኬ፦
እኔ ግን ጥያቄዬን ዘለላችሁት። ተስኬጊ ውሸት ነው?

የጥናት ነርስ፦
አይደለም ወንድሜ። ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች አላባማ ውስጥ ሳያክሙ ተከታተሏቸው። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ከለከሏቸው። መጠርጠርህ መሠረት አለው። እኔም ጥቁር ነኝ፣ ሥራዬንም ስጀምር ይሄው ጥያቄ ነበረኝ።

አሁን ያለውን ግን እንዳለ ልንገርህ። የፈቃድ ቅጹን የምታነበው ቤትህ ወስደህ ነው፣ ስትፈልግ በአስተርጓሚ። ሳትፈርም አንዲት ጠብታ ደም አይወሰድም። ፈርመህም በነጋታው «በቃኝ» ካልክ ማንም «ለምን?» ብሎ አይይዝህም፣ ሕክምናህም አይቋረጥም። ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ቶርች ላይ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፓፍ፣ ከደረሳቸው ሰዎች 44% ያህሉ ሦስቱ ዓመት ሳያልቅ ትተው ወጥተዋል። አጥኚዎቹን ጎድቷቸዋል፣ ግን ማንም አላስገደደም።

ፕላሴቦ ስንል ደግሞ ሰው ባዶ እጁን ይቀመጣል ማለት አይደለም። በዛሬዎቹ ጥናቶች የምትወስደው መደበኛ መድኃኒት ይቀጥላል፣ አዲሱ ወይም ባዶው ከላዩ ይጨመራል። ከድርጅቱ ውጭ የሆኑ ባለሙያዎችም በየመሀሉ ቁጥሩን ከፍተው ያያሉ። ጉዳት ካዩ ያስቆሙታል። ሲያስቆሙም አይተናል፣ ሜቶፕሮሎል የሚባለው የልብ መድኃኒት ሲኦፒዲ እንዳይባባስ ይረዳል ተብሎ ተሞክሮ ነበር። በ2019 ውጤቱ ወጣ። ጥቅም የለውም፣ ጭራሽ ሆስፒታል የሚያስተኛው መባባስ በመድኃኒቱ በኩል በዝቶ ተገኘ። ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

አይነኬ፦
እሺ። አሁንም አልገባም፣ ግን እሺ።

ፋርማሲስቷ፦
ሜቶፕሮሎልን ካነሣሽ አይቀር እኔም የማነሳው አለ። ያልሠራ መድኃኒት ጥናት ከሠራው እኩል ይጠቅማል ባይ ነኝ። ግን ማንም አያወራለትም።

ቴዎፊሊንን ውሰዱ። እዚህ አገር ቤት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሁሉ ክኒኑን ገዝቶ ይውጣል፣ ርካሽ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1,500 በላይ የሲኦፒዲ በሽተኞች ላይ በትንሽ መጠን፣ ከሚስቡት ስቴሮይድ ጋር ጨምረው ሞከሩት። በ2018 ወጣ። መባባስን አልቀነሰም። በቃ። ይሄን የሚያውቅ ሰው ለዚያ ክኒን የሚያወጣውን ብር ለስፔሰር ያውለው።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ክኒንም እንዲሁ። በሽታው ሲነሣ ለሁለት ሳምንት ይታዘዝ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ 5 ቀንን ከ14 ቀን ጋር አወዳደሩ፣ በቀን 40 ሚሊ ግራም፣ 314 ሰው፣ በ2013 ወጣ። አምስቱ ቀን ከአሥራ አራቱ አላነሰም። እኛ ጋ ግን ሰው የድሮ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ያንኑ ስጪኝ» ይላል፣ ወሩን ሙሉ ይውጠዋል። ስኳሩ ይነሣል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ፊቱ ይነፋል። ወፈርኩ፣ ተስማማኝ ይላል!

አዚትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጨርሶ ባላነሳው ይሻላል። ግን አነሳዋለሁ። በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በየቀኑ 250 ሚሊ ግራም ለአንድ ዓመት ሰጥቶ መባባስን እንደቀነሰ አሳይቷል። መጀመሪያ ግን የሰዎቹን ጆሮና የልብ ምት መርምረው፣ አደጋ ያለበትን ለይተው ካስወጡ በኋላ ነው። እንደዚያም ሆኖ የመስማት ችሎታው የቀነሰ ሰው በመድኃኒቱ በኩል በዝቷል። ይሄን ጥናት ሰምቶ በሳለ ቁጥር ሦስት ፍሬ አዚትሮ የሚገዛ ሰው፣ ጥናቱ ያደረገውን አላደረገም።

የውስጥ ደዌ፦
ፋርማሲስቷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። በቅንፍ ልጨምር፣ የስዊዘርላንዱ ጥናትም መግቢያው 20 ፓክ-ይር ነበር። አየሽ የደብረ ታቦሯ፣ አጥሩ የትም አለ።

የአሰብ መንገድ፦
ለእኛ ለአጫሾቹስ የሚሆን ደህና ዜና የለም?

የጥናት ነርስ፦
አለ ጋሼ። በ1994 የወጣ ላንግ ኸልዝ ስተዲ የሚባል አለ፣ 5,887 አጫሾች፣ 5 ዓመት። በሦስት ቡድን ከፍለው፣ ሁለቱን ቡድን ማጨስ እንዲያቆሙ አጥብቀው ረዷቸው፣ ከሁለቱ ለአንዱ ቱቦ የሚከፍት መድኃኒት፣ ለሌላው ባዶውን ጨመሩ። መድኃኒቱ በሳንባው የመድከም ፍጥነት ላይ ለውጥ አላመጣም። ማቆሙ ግን አመጣ። ያቆሙት ሰዎች ሳንባ አቅሙን የሚያጣበት ፍጥነት በግልጽ ቀነሰ። እስከ ዛሬ ከወጡት የሲኦፒዲ ጥናቶች ሁሉ እኔ አንዱን ምረጪ ብባል የምመርጠው ይሄን ነው። ጋሼ፣ አቁመዋል አይደል?

የአሰብ መንገድ፦
ከሞላ ጎደል።

የጥናት ነርስ፦
ጋሼ!!

ምድጃ ሰሪው፦
ከጭሱ ላይ ለምን አንጀምርም? እኔ የተሻሻለ ምድጃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ላቀችም፣ ምርጥ ምጣድም ለሕዝብ ሲከፋፈል እኔም ነበርኩበት። እንጨት ይቆጥባል፣ ይሄ አያከራክርም። ሳንባ ያድናል የሚለው ላይ ግን ጥናቶቹ ልብ ይሰብራሉ።

ማላዊ ውስጥ በ10 ሺህ አካባቢ ሕፃናት ላይ ትልቅ ሙከራ ተደረገ፣ ለቤተሰቦቹ ጭሱ አነስተኛ የሆነ ምድጃ ተሰጠ። በ2016 ወጣ። የሕፃናቱ የሳንባ ምች አልቀነሰም። ቀጥሎ ሃፒን የሚባለው መጣ። ጓቲማላ፣ ሕንድ፣ ፔሩና ሩዋንዳ ውስጥ 3,200 ነፍሰ ጡሮች፣ ግማሾቹ ጋዝ በነጻ እስከ ቤታቸው እየመጣላቸው። እዚህ ጭሱ በደንብ ቀነሰ። የሕፃናቱ ክብደትም ሆነ የሳንባ ምቹ ግን የተጠበቀውን ያህል አልተለወጠም። ታዲያ ድካማችን ለምን ነበር?

የውስጥ ደዌ፦
ወንድሜ፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። እነዚያ የለኩት የሕፃናትን የሳንባ ምች ነው፣ ሳንባ ምችን የሚያመጣው ደግሞ ጭስ ብቻ አይደለም። ምግብ አለ፣ ክትባት አለ፣ የቤት መጨናነቅ አለ። ክትትሉም አጭር ነው። የሰላሳና የአርባ ዓመት ጭስ የሠራውን የአዋቂ ሳንባ በአሥራ ስምንት ወር ልትመልሰው አትችልም።

ረጅሙን ጊዜ ያየ አንድ አለ። ደቡብ ቻይና ውስጥ በ12 መንደሮች 996 አዋቂዎችን ለ9 ዓመት ተከታተሉ። ከእንጨት ወደ ባዮጋዝ የዞሩና የወጥ ቤታቸውን አየር ማስወጫ ያሻሻሉ አሉ፣ ያልለወጡም አሉ። በ2014 የወጣው ውጤት፣ የለወጡት ሰዎች ሳንባ በዝግታ ነው የደከመው፣ ሁለቱንም የለወጡት ደግሞ ይበልጥ። ዕጣ ወጥቶ የተመደበ ጥናት ስላልሆነ እንደ ሙከራዎቹ አጥብቀን አንይዘውም፣ ሰዎቹ የመረጡት ራሳቸው ናቸውና። እኔ ግን ለበሽተኞቼ የምናገረው ይሄንን ነው። ጋዝም ኤሌክትሪክም ከሌለ እንኳ ቢያንስ ማብሰያው ከመኝታው ይለይ፣ ጣሪያው ሥር ክፍት ይተው።

ምድጃ ሰሪው፦
ክፍት ተዉ ስንላቸው ጭሱ ምስጥና ትኋን ያባርርልናል ይሉናል። ሣር ክዳን ቤት ላይ እውነትም አለው። መብራት ያላቸው ደግሞ ምጣዱን በኤሌክትሪክ ያደርጉና መብራት ሲጠፋ ወደ ጭራሮ ይመለሳሉ። በዓል ሲደርስ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያጨሳል። አንድ ቤት ብቻውን ንጹሕ መሆን አይችልም። ማላዊም የሆነው ይሄው ይመስለኛል።

የደብረ ታቦሯ፦
ሌላ ጥያቄ ላስቸግራችሁ። ለገና ወደ አገር ቤት ልወስዳት አስቤያለሁ። ጣቷ ላይ የምናደርገው ኦክስጅን መለኪያ እዚህ 92 እና 93 ይላል። አዲስ አበባ ስትወርድስ? ኦክስጅን ያስፈልጋት ይሆን?

የውስጥ ደዌ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚመጣው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው። አዲስ አበባም 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ እናትሽ በረራው ላይ የሚሰማትን፣ ስትወርድም አይለቃትም። ደብረ ታቦር ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ የሚኖር ጤነኛ ሰው እንኳ የባሕር ጠረፍ ሰው የሚያሳየውን ቁጥር አያሳይም። የእናትሽ ወደ 80ዎቹ ሊወርድ ይችላል።

ኦክስጅን ላይ ጥናቶቹ ግልጽ ናቸው። በ1980 በአሜሪካ፣ በ1981 በእንግሊዝ የወጡ ሁለት ጥናቶች አሉ፣ ትንንሽ ናቸው፣ አንዱ 203 አንዱ 87 ሰው። ኦክስጅናቸው በጣም የወረደ ሰዎች በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ሲያገኙ ዕድሜያቸው ረዘመ። እስከ ዛሬ የምንሠራው በእነሱ ነው። በ2016 ደግሞ በመጠኑ ብቻ የወረደባቸውን 738 ሰዎች ሲሞክሩ ኦክስጅን ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ 92 ላይ ያለ ሰው አያስፈልገውም። እነዚያ ቁጥሮች ግን ለእንደኛ ዓይነት ከፍታ የተሰፉ አይደሉም። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ሐኪሟ የበረራ ምርመራ ያድርግላት፣ ካስፈለገ ለአየር መንገዱ ቀድሞ ይነገራል። እዚህ ስትደርስ ደግሞ ዘመድ ለማየት የመጀመሪያዎቹን ቀናት አትሩጥ። ጭስ ቤት አስገብተው ዶሮ ወጥ እንዳያሠሯት።

የጥናት ነርስ፦
እኔ ደግሞ ወደ ጥናቱ ልመልሳችሁ። የደብረ ታቦሯ፣ ያ አዲስ መድኃኒት የተባለው መርፌ ነው ወይስ የሚሳብ? መርፌ ከሆነ ልነግርሽ የምፈልገው አለ። ዱፒሉማብ የሚባለው በ2023 ቦሪያስ በሚባል ጥናት 939 ሰው ላይ ተሞክሮ መባባስን በ30% ቀነሰ። ሁለተኛ ጥናትም ደገፈው። መግቢያው ያው 10 ፓክ-ይር ነበር፣ ኢኦሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ደግሞ 300 እና ከዚያ በላይ። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ መስከረም 2024 ላይ ፈቀደው። ሲፈቅድ ግን «ለአጫሾች» አላለም። በሌላው መድኃኒት ያልተቆጣጠረና ኢኦሲኖፊሉ ከፍ ያለ አዋቂ ነው ያለው። ገባሽ? እናትሽ ወደ ጥናቱ መግባት አትችልም፣ ከጥናቱ የወጣው መድኃኒት ግን ሊታዘዝላት ይችላል። ሐኪሟን የደም ቁጥሯን ጠይቂው።

የውስጥ ደዌ፦
እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የአሜሪካ ሐኪም ላያስበው ይችላል። ኢኦሲኖፊል የሚጨምረው በሳንባ ብቻ አይደለም። የሆድ ትላትልም ይጨምረዋል። ገጠር በባዶ እግሯ የሄደች፣ አፈር የነካች እናት ሰውነቷ ውስጥ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል ለአሥርት ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል። የደም ቁጥሩ 300 ሲያልፍ የሳንባው ነው ወይስ የትሉ? መርፌው ሲጀመርም ትል ካለ ቀድሞ መታከም እንዳለበት መድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከዚያ የባሰው ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ይሄ ትል ያለበት ሰው ስቴሮይድ ሲወስድ ትሉ በመላ ሰውነት ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። ጠንቶባት በሄደች ቁጥር ስቴሮይድ ይሰጣት ከነበረ፣ የስትሮንጂሎይድስ የደም ምርመራ እንዲያዙላት ጠይቂ። አገሯን ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል።

ቡና ጠጡ፦
ይሄን ክር ባላነበው ኖሮ ምን ይበጀኝ ነበር! አክስቴን ሰኞ እወስዳታለሁ። ስፔሰሩን ግን ፋርማሲ አጣሁት።

ፋርማሲስቷ፦
ካጣህ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል፣ ለሕፃናት አስም በጥናት ተፈትኖ ሠርቷል። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ቀዳዳ ይበሳል፣ ጠርዙ አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ይታሸጋል። በጠርሙሱ አፍ ይሳባል። አንዴ ተጭኖ ቀስ እያሉ ስድስት ጊዜ ያህል መተንፈስ ነው። ጠርሙሱ አዲስ ከሆነ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ይይዛል፣ ስለዚህ ከመጀመሯ በፊት ጥቂት ፓፍ ውስጡ ረጭታ ታልብሰው።

የደብረ ታቦሯ፦
ዛሬ ሐኪሟ ጋ ደርሰን መጣን። ኢኦሲኖፊሏ 340 ነው። ስለ ትሉ ሳነሣበት ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና «ይሄን ማን ነገረሽ?» አለኝ። ምርመራው ታዘዘ። መልሱ እስኪመጣ መርፌውን አላነሳውም አለ። የበረራውንም ያይልኛል። ነርሷ፣ ላላጨሱ ሰዎች የሚሆን ጥናት ከየት ልፈልግ? እናቴ አሁን እልህ ይዟታል፣ «እኔ ሲጋራ ስላላጨስኩ ነው የማልጠቅመው?» ትላለች።

የጥናት ነርስ፦
አሜሪካ ያሉት አብዛኞቹ ክሊኒካል ትራያልስ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይመዘገባሉ። የአፍሪካዎቹን ለማየት ደግሞ የፓን አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ አለ። የበሽታውን ስም ጽፈሽ፣ «የመግቢያ መስፈርት» የሚለው ሥር ፓክ-ይር የሚል መስመር መኖሩን እዪ። መድኃኒት የማይሰጥባቸው፣ ሰውን እየለኩ የሚከታተሉ ጥናቶች ያላጨሱትን የመቀበል ዕድላቸው ሰፊ ነው። የብዙ ያለቁ ጥናቶችንም ውጤት እዚያው ታገኛላችሁ። በ2007 በወጣ ሕግ አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የመድኃኒት ጥናቶች ይሄን ማውጣት ግዴታቸው ነው፣ ሁሉም በጊዜው ባያወጣም።

ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያት። ለዚያች ልጅ መልሰሽ ደውዪና «አጭሳ የማታውቅ፣ በእንጨት ጭስ የታመመች» ብላ ማጣሪያው ወረቀት ላይ ምክንያቱን እንድትጽፍ ጠይቂያት። እኛ የተመለሰውን ሰው ከነምክንያቱ መዝግበን ለአጥኚው እንልካለን። ስንት እንዲህ ዓይነት ሰው እንደተመለሰ ካልተጻፈ፣ የሚቀጥለውን ጥናት የሚነድፈው ሰው እነዚህ ሰዎች መኖራቸውን በምን ያውቃል?

የደብረ ታቦሯ፦
ነገርኳት። «እሺ ይጻፉኝ። ግን ኩበቱንም ይጨምሩበት፣ እንጨቱ ብቻ አይደለም» ብላለች። ነገ እደውላለሁ።

አይነኬ፦
እናትሽን ወደድኳት። ስትደውዪ የምትፈርሙት ነገር ካለ መጀመሪያ እዚህ ለጥፊልን።